አባቴ እሁድ እሁድ የሚወጣበት ተራራ

ባለፈው ጥር የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ የጭላሎን ተራራ አይቶ ሲመለስ ጃኬቱን አውልቆ የሳሎናችን ወንበር መደገፊያ ላይ ጣል ሲያደርገው፣ የአስታ እንጨት ጭስና የለጋ ቅቤ ሽታ አንድ ላይ ተነሥቶ ቤቱን ሞላውና፣ ሻይ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። አስታ ገብስ መብቀል ከሚያቅተው ከፍታ በላይ የሚበቅል፣ ቅጠለ ደቃቅ የብርድ አገር ዛፍ ነው፤ ጭሱ ልብስ ላይ አንዴ ካረፈ በአንድ እጥበት አይለቅም። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ ተራራ ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ካገኘው ቤት ገብቶ፣ ወተት ጠጥቶ የመጣ ምስኪን ጎብኚ ነው። እኔ ግን ያን ሽታ ሰው ልብስ ላይ ሳገኝ መጠርጠር የተማርኩ ልጅ ነበርኩና፣ «ማን ቤት ገብተህ ነበር?» የሚለው ጥያቄ አፌ ላይ ደርሶ በስንት መከራ ዋጥኩት።

አባቴ አሰላ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ከጎጃም ተመድቦ ሲመጣ ጥቂት ሠርቼ እዛወራለሁ ብሎ የገባበት አገር ውስጥ አግብቶ ወልዶ ቀረ። እናቴ ከደብረ ብርሃን የተመደበች ነርስ ነበረች፤ ከተማው ሁሉ ሲስተር ጽጌ ይላት ነበር። ስለ እሷ አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ ብባል፣ ትጠረጥር ነበር እላለሁ። ወተት ስትገዛ ውሃውን፣ ሥጋ ስትገዛ ሚዛኑን፣ እኔ «አመመኝ» ስል ፈተናውን ትጠረጥር ነበር፤ ሌላው ሰው ለጨዋታ የሚጠቅሰውን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ተረት፣ እሷ እንደ መድኃኒት አወሳሰድ ጧት ማታ ትደጋግመው ነበር። የሚያናድደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኗ ነው፤ ወተቱም ውሃ ነበረው፣ እኔም ፈተና ነበረብኝ።

አባቴ በበኩሉ ለጥርጣሬ የተመቸ አመል ነበረው፤ እሁድ እሁድ ተራራ ለማየት ይወጣል። ያኔ እንደ ዛሬው ጎብኚ የሚባል ፍጥረት በአካባቢያችን አይታወቅም ነበር። ከአሰላ ወደ ጭላሎ የሚወጣ ሰው ወይ እንጨት ሊያመጣ፣ ወይ የጠፋ ከብት ሊፈልግ፣ ወይ ሩጫ ሊለማመድ ነው እንጂ፣ አይቶ ብቻ ለመመለስ የሚደክም ሰው ከአባቴ በቀር አልነበረም። «ጭላሎ እንደሆነ ከደጃችን ይታያል፤ ምን ያስኬደዋል?» ይባል ነበር። ጣሊያን የቀበረውን ወርቅ ይፈልጋል ያለም ነበር፤ መሬት እየለካ ለመንግሥት ያቀብላል ያለም ነበር። ጨርቃ ጨርቅ የምትነግደው ጎረቤታችን እትዬ ዛህራ ግን የሰውን ግምት ሁሉ ውድቅ አድርጋ፣ አንድ ቀን በአጥር ላይ እናቴን እንዲህ ስትላት እኔም ሰምቻለሁ፦ «ሲስተር፣ ወላሂ ነው የምልሽ፣ ወንድ ልጅ በየሳምንቱ አንድ ቦታ ከተመላለሰ ያ ቦታ ስም አለው፤ ስሙም የሴት ነው።»

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴን ልብስ ማሽተት ጀመረች።

በመስከረም፣ ክረምቱ አልፎ ጭላሎ ከደመናው ወጥቶ ሲገለጥ፣ አባቴም ከቤት እስራቱ ይፈታ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ዳቦና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ይዞ ይወጣና፣ ፀሐይ ወደ ዝዋይ በኩል ስታዘቀዝቅ ተመልሶ፣ የትኛው ፏፏቴ እንደሞላ፣ አጋዘኖቹን የት ላይ እንዳገኛቸው፣ ጅብራው፣ ያ ረዥሙ የውርጭ አገር ተክል፣ ምን ያህል እንዳደገ ሲተርክልን፣ እኔ አፌን ከፍቼ አዳምጥ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ጃኬቱን ለመስቀል የተነሣች መስላ አንገትጌውን አፍንጫዋ ላይ ታስጠጋው ነበር። በአንዱ እሁድ ቆቡን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ቆብህ ውስጥ ያለው።»

«ቅባት ይሆናል፤ ከተከራየሁት ፈረስ ኮርቻ ነው።»

«ፈረሱ ለጋ ቅቤ ተቀብቶ ነው እንዴ የሚጋለበው?»

አባቴ የቦት ጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«ጭሱስ? ተራራ ላይ ማን እሳት ያነዳል?»

«እረኞች ያነዳሉ፤ ብርድ ነው» አለና፣ ሻዩን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ስኒውን ስቶት ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። እናቴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ እጁ የሳተው እየዋሸ ስለሆነ መሆኑን ሁለታችንም አልተጠራጠርንም።

በማግሥቱ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ጠራችኝ። «ከእንግዲህ እሁድ አብረሽው ትሄጃለሽ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «የት እንደገባ፣ ማን በስሙ እንደጠራው፣ ምን እንዳቀመሱት አይተሽ ትነግሪኛለሽ። እዚያ ላይ ሌላ ቤት ካለው፣ እኔና አንቺ ደብረ ብርሃን እናቴ ዘንድ እንገባለን፤ እሱ ከተራራው ጋር ይኑር።» እያለቀሰች ነበር፣ ግን ሽንኩርቱም ስለነበረ እንባው የየትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ደብረ ብርሃንን አላውቃትም ነበር። አባቴን ግን አውቀው ነበር፤ እወደውም ነበር።

አባቴ «ትርሲትም ትሂድና አገሯን ትይ» ሲባል ጥቂት አመንትቶ እሺ አለ። ያ ማመንታቱም ተይዞበታል።

ጥቅምት ላይ፣ ስንዴው ወደ ቢጫነት ሲያዘነብል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬው ወጣሁ። ከተማው ዳር ድረስ በጋሪ ሄደን፣ እዚያ ከአንድ ገበሬ ፈረስ ተከራይቶ እኔን አስቀመጠኝና፣ ራሱ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ይሄድ ጀመር፤ ፈረሱን ሁልጊዜ በግራው በኩል ያደርግ ነበር፣ መንገዱ ጠቦ ቦታ ሲያቀያይረንም አቁሞ እንደገና በግራው ያስይዘን ነበር። ስለ እናቴ ተልእኮ ባላስብ ኖሮ ያ ቀን ከዕድሜዬ ሁሉ የሚበልጥ ቀን ይሆን ነበር። መጀመሪያ የባሕር ዛፉ መደዳ አልፎ ፏፏቴው መጣ፤ ውሃው ከጥቁር አለት ላይ ሲወድቅ ርጭቱ የፈረሱን ጆሮ እያራሰ ፈረሱ ጆሮውን ያራግፍ ነበር። ከዚያ በላይ አባቴ «ሰገነት» የሚለው ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ላይ ቁጭ ሲሉ የአሰላ ቆርቆሮ ከሥር ያብለጨልጫል፣ በስተ ቀኝ የኢተያ የስንዴ እርሻ እስከ አድማስ ይዘረጋል፣ ፊት ለፊት ደግሞ የኦጎልቾ ቆላ በአቧራ ተሸፍኖ፣ ከአቧራው ማዶ የዝዋይ ሐይቅ እንደ ትሪ ጠፍጥፎ ይታያል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ምን ታያለሽ? አንድ በአንድ ንገሪኝ» ይለኝ ነበር፤ እኔም የጂኦግራፊ ፈተና መስሎኝ ስቆጥርለት፣ የዘለልኩትን እንኳ ሳያይ ያርመኝ ነበር።

ከሰገነቱ በላይ የአስታው ጫካ ይጀምራል፤ ከየቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለ ነገር አለው፣ ውስጡ ሲገቡ የፈረሱ ኮቴ እንኳ አይሰማም። ጫካው ሲያበቃ ጅብራዎቹን ጉም ውስጥ ቆመው አየሁና ጮህኩ። ቁመታቸው ሰው ያህላል፤ ለእኔ አባቴን እየጠበቁ የቆሙ፣ ሁሉን የሚያውቁ፣ የሚያውቁትን የማይናገሩ ሰዎች መሰሉኝ። እሱ ሳቀብኝ። ግን መንገዱን ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አላስደሰተኝም።

«ትርሲት፣ ከዚያ በኩል የሚመጣ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ከግራስ?»

«አንድ ሰውዬ አህያ ይዞ ይመጣል።»

«ያውቀናል እንዴ?»

ንጹሕ ሰው በእግዚአብሔር ተራራ ላይ ማን እንደሚያየው ለምን ይጨነቃል? ሰውየው በግራችን አልፎ «አካም ጅርቱ፣ በርሲሳ»፣ እንደምን ነዎት መምህር፣ ብሎ ሰላም ሲለውም፣ አባቴ ደንግጦ ዘወር ሲል ሰውየው ካለፈ ቆይቶ ነበር። ይህንንም ያዝኩ።

ያን ቀን የትም ቤት አልገባም። ይህን ለእናቴ ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀችና፣ «አንቺን ስላየ ነዋ፤ ሌባ ፖሊስ እያየ ይሰርቃል?» አለችኝ። ስለ ጥያቄዎቹ ስነግራት ደግሞ ፊቷ ተለዋወጠ።

ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲሁ አለፉ። በኢተያ በኩል ኮምባይነሮቹ ስንዴውን ሲያጭዱ አቧራቸው ከሰገነት ላይ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ገብሱ ከተራራው ወገብ ላይ ታጭዶ፣ አውድማው ላይ በበሬ ሲበራይ የሚዘፈነው ዘፈን ወደ ላይ ይወጣ ነበር። እኔ ተራራውን ወደድኩት። ይህ ነበር መከራዬ፤ በየሳምንቱ እሁድን እናፍቅ ነበር፣ ደግሞ በየሳምንቱ ቤቱን እንዳናገኘው እጸልይ ነበር። እቤት ውስጥ እናቴ ሻንጣ ከአልጋ ሥር አውጥታ አራግፋ ነበር፤ «ብል እንዳይበላው ነው» ትላለች፤ እኔ ግን አላመንኳትም። አባቴም ተለወጠ፤ ራሱን ይዞ ይቀመጣል፣ የተማሪዎቹን ፈተና ሲያርም ወረቀቱን አፍንጫው ላይ ያደርሰዋል፣ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለው አይመልስም። ከተማው «መምህሩ ኮርቷል» አለ። እትዬ ዛህራ ደግሞ፣ «ኩራት አይደለም፤ ሰው ዓይን ውስጥ ማየት አቅቶት ነው» አለች።

ጥር ላይ፣ ውርጩ የተራራውን ሣር ጠዋት ጠዋት ነጭ አድርጎ በሚያድርበት ወራት፣ አባቴ ጫካው ጫፍ ላይ ፈረሱን አስሮ፣ «አንዴ ሰላም ብዬ ልምጣ፤ አንቺ እዚህ ፀሐይ ሙቂ» አለኝ። ጫካው ውስጥ ከአስታዎቹ ኋላ አንድ ክብ ጎጆ አየሁ። ከክዳኑ ጭስ ይወጣ ነበር። በሩ ላይ የሴት ድምፅ «በርሲሳ፣ ኮቱ» ብሎ ጠራው፤ ና ማለት ነው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ገባ።

ፈረሱን አቅፌ ጥቂት አለቀስኩ፤ ኋላ ግን የእናቴ ልጅ ነኝና ወደ በሩ ሄድኩ። አባቴ ከምድጃው አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጧል፣ ቆቡን አውልቋል፣ ራሱ ላይ ለጋ ቅቤ ተደፍቷል፤ አንዲት ሴት ቅጠል ከእሳቱ ላይ እያጨሰች በጨርቅ ጭሱን ወደ ፊቱ ታቀርብለታለች። ሴቲቱ አሮጊት ነበረች። ጥርስ የላትም። ሳያት የተሰማኝ ደስታ ልቤን ሞልቶት ሳለ ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፦ ልጅ ትኖራታለች፤ ልጇ ከጓዳ ናት። ጓዳውን በዓይኔ ፈተሽኩ። ጥጃ ነበር።

አባቴ አላየኝም፤ ፊት ለፊቱ ቆሜ አላየኝም። አሮጊቷ ግን አየችኝና፣ «ኮቱ፣ ታኢ» ብላ አስቀምጣኝ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ እንኳ ሳትጠይቅ ወተት በጭጮ፣ በዚያ በጭስ በታጠነ የአርሲ የወተት ዕቃ፣ አምጥታ ሰጠችኝ። በዚያ አገር እንግዳ ሳይቀምስ አይጠየቅም፣ አይጠይቅምም። ከጠጣሁ በኋላ ግን አኮ ራሂማ፣ ይህ ነበር ስሟ፣ አኮ አያት ማለት ነው፣ በኦሮምኛ ትመረምረኝ ጀመር፤ እኔም አሰላ መንገድ ላይ ያደግሁ ልጅ ነኝና መልሱ አልቸገረኝም።

«አባትሽ ይህ ነው?»

«አዎ።»

«እናትሽስ ማን ናት? ምን ትሠራለች?»

አባቴ ከመደቡ «ትርሲት!» ብሎ ጮኸ፤ አፌ ግን ቀድሞ ነበር። «ሲስተር ጽጌ ናት፣ ሆስፒታል ነው የምትሠራው» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

አኮ ራሂማ ጨርቁን ጣለችው። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ሁሉ መያዝ አልቻልኩም፤ በጥቅሉ ግን ይህ ነበር፦ «ሚስትህ ሐኪም ሆና አንተ እኔ ዘንድ ምን ታደርጋለህ? እነዚያ ሰዎች የአገር መድኃኒት የሚሰጠውን ሁሉ እንደሚያስከስሱ አላውቅም? ስታየኝ የከረምከው ልታሳስረኝ ነው? ከቤቴ ውጣ!» አባቴ «አኮ፣ ይስሙኝ፣ በእግዜር እንደሱ አይደለም» እያለ ሊነሣ ሲል ምሶሶው ግንባሩን መታው። በግራው በኩል የቆመ፣ ወፍራም፣ ልጅ እንኳ የማይስተው ምሶሶ ነበር።

ቆቡን በእጁ እንደያዘ ወረድን። ሰገነቱ ላይ ስንደርስ ተቀመጠና፣ ቅቤው በጉንጩ እየወረደ፣ ነገረኝ። ግራ ዓይኑ ማየት ካቆመ ቆይቶ ነበር። ቀኙም ከዳር ከዳር እየጨለመ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ሆኖበት ነበር። አባቱ ጎጃም ውስጥ እንዲሁ ጀምሮት፣ እሱ ልጅ ሆኖ በበትር ይመራው ነበር።

«ታዲያ ለምን ለእማዬ አትነግራትም? እሷ እኮ ነርስ ናት።»

«ከነገርኳት ይረጋገጣል» አለኝ። «አሁን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ደግሞ ሆስፒታሉ ውስጥ ማንን ባማክር ማታውኑ እሷ ጆሮ ይገባል። ዓይኑ የማያይ መምህር ሰሌዳ ላይ ምን ይሠራል? ቅቤ ተቀብቼ በጭስ መታጠኔን ከሰማች ደግሞ ዓይኔ ሳይጠፋ እሷ ታጠፋኛለች።» ሳቅ ሊል ሞከረ። «ተራራውን ማየቴ ግን ውሸት እንዳይመስልሽ። እውነት ነው። ሳይጨልም ጠግቤ ልየው ብዬ ነው።»

ያኔ ነበር ሁሉም የገባኝ፦ የምን ታያለሽ ጥያቄው፣ የሚመጣ ሰው አለ ማለቱ፣ የግራ በኩሉ፣ የፈሰሰው ሻይ። ሲሸሸግ ያየነው ሰው ሲታወር ነበር። አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ፤ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩት።

ቃሌን አልጠበቅሁለትም፤ በዚህም አልተጸጸትኩም። እቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሻንጣው በግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። ክንዴን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝ።

«ገባ?»

«ገባ።»

«ሴት አለች?»

«አለች። አሮጊት ናት፣ ጥርስ የላትም፤ ቅቤ ራሱ ላይ ታደርግለታለች» አልኩና፣ ሌላ ጥያቄ ሳይመጣ፣ «እማዬ፣ አባዬ አያይም» አልኳት።

አልገባትም። ሁለተኛ ስነግራት ክንዴን ለቀቀችው። ወደ ሳሎን ሄዳ አባቴ ከተቀመጠበት ወንበር በግራ በኩል በዝግታ ቆመችና፣ ጣቶቿን ከዓይኑ አጠገብ አንሥታ፣ «ስንት ነው?» አለችው።

«ምኑ?» አላት።

እናቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስንትና ስንት ሰው ሲሞት ያየች ሴት ናት፤ ስትጮህ ግን ያን ቀን ነው የሰማኋት። «እኔ ሴት ስፈልግብህ ዓይንህ ጠፋ? እኔ ቤት ውስጥ፣ እኔ ፊት?» አለች። አባቴ ወንበሩን ትቶ አጠገቧ ወለሉ ላይ ወረደና፣ ራሷን ሊዳብሳት ሲል እጁ መጀመሪያ ትከሻዋን አገኘ።

በልግ ሲገባ አዲስ አበባ ወሰደችው። ግራው አልቆ ነበር፤ ቀኙ በጠብታና በቀዶ ጥገና ለጥቂት ዓመታት ሊቆይ ይችላል ተባለ። «ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ» የሚለውን ሐኪሙ በመሐል ጣል አድርጎት አለፈ፤ እናቴ ግን አነሣችው፤ ከዚያ ወዲያ በቁጣዋም በጸሎቷም ውስጥ ይህ ቃል ነበር። መጠርጠሯንም አልተወችም፤ አሁን ደግሞ አሮጊቷን ያዘች። «ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምራበታለች» ብላ፣ ከፋሲካ በኋላ በበልጉ ዝናብ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈረስ ወደ ጭላሎ ወጣች። ከታች እስከ ላይ ፈረሱንም፣ ጭቃውንም፣ ባለ ፈረሱንም ስትሳደብ፣ አባቴ ልጓም ይዞ፣ «ይሄ ፏፏቴው ነው፣ ይሄ ሰገነት ነው፣ እዩት» ይለን ነበር። እሷ ከአሮጊቷ በር በቀር የምታየው ነገር አልነበራትም።

አኮ ራሂማ በሩ ላይ ሆና አየቻት፤ ነጭ ጋውን ባትለብስም ማን እንደሆነች ገብቷታል። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ አንዷ ልትታሰር፣ አንዷ ልትከስ የቆሙ መስለው። እንግዳ ግን እንግዳ ነው። አሮጊቷ አስገብታ አስቀመጠቻትና ጭጮውን ሞልታ ሰጠቻት። እናቴ ያልተፈላ ወተት አትጠጣም፤ እኛንም አታጠጣም፤ ስላልተፈላ ወተት ለከተማው እናቶች ሁሉ ስትሰብክ የኖረች ሴት ናት። ጭጮውን ይዛ ቆየች። ካልጠጣች መጠየቅ እንደማትችል አባቴ በጆሮዋ ነግሯት ነበር። ዓይኗን ጨፍና ጠጣችው፤ በሁዳዴ ውስጥ ብትሆን እንኳ ያን ያህል የከበዳት አይመስለኝም።

«አሁን ጠይቂያት» አለችኝ አፏን እየጠረገች። «ዓይኑ ውስጥ ምን ጨመረች?»

አስተረጎምኩ። አኮ ራሂማ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ወላሂ ዓይኑ ውስጥ ምንም አልገባም። ጭሱና ቅቤው ለራስ ምታት ነው። ዓይኔ ይበራል ብሎ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው። ልጄ በዕድሜው ነበር፤ ሞተብኝ።» እናቴ ፊቷን ለረዥም ጊዜ አየችው፤ እውነት ይሁን ውሸት ለማረጋገጥ ሰውን እንዲህ ታይ ነበር። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የአሮጊቷን የደም ግፊት ለካች። ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየበጋው ክኒን የሚወጣላትና ቅቤ የሚወርድልን በዚያው ፈረስ ነበር፤ እናቴ ግን ቅቤውንም ሳትፈትሸው አልበላነውም።

ክረምቱ ሲገባ ጭላሎ ተሸፈነ፤ አባቴም ቀኝ ዓይኑ እስከፈቀደለት ዓመታት ድረስ ካርታ ከሰሌዳ ላይ ሰቅሎ አስተማረ፤ ከተሞቹን በእጁ እንጂ በዓይኑ እንደማያገኛቸው ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ አንድም አልከሰሰውም።

ዛሬ ጭላሎ የሚያየው በዝቶለታል። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ የሚመጡ ወጣቶች ከተማውን አቋርጠው ይወጣሉ፣ አስጎብኚ ይቀጥራሉ፣ ጅብራው ሥር ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፤ የእትዬ ዛህራ የልጅ ልጅ ውሃና ብስኩት ይሸጥላቸዋል። ወርቅ ፍለጋ ነው የሚላቸው የለም፤ ማን ዘንድ ይገባሉ ብሎ የሚጨነቅም የለም። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ ቀኝ ዓይኑም ከጨለመ ቆየ። ከሰዓት በኋላ እሱና እናቴ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። «ጽጌ፣ ዛሬ ጠርቷል?» ይላታል፤ «ጥርት ብሏል» ትለዋለች፤ እሱም አስታው የት እንደሚያበቃ፣ ጥላው በዚህ ሰዓት የት እንደሚደርስ ይነግራታል።

ባለፈው ሐምሌ ልጠይቃቸው ስሄድ ጉሙ ከመውረዱ የተነሣ የግቢያችን በር እንኳ አይታይም ነበር። ሁለቱ በረንዳው ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። «ጽጌ፣ ዛሬስ?» አላት። እናቴ ወደ ጉሙ አየችና፣ «ጥርት ብሏል፤ ጫፉ ድረስ ይታያል» አለችው። ያኔ እሱ ከተራራው ተመልሶ ያየውን ሲነግራት አንዲቱንም አታምነውም ነበር፤ አሁን እሷ ያላየችውን ስትነግረው ሁሉን ያምናታል። ያምናታል እላለሁ እንጂ፣ የእናቴ ልጅ ነኝና እጠረጥራለሁ። «ተመስገን፣ እንዲህ ሲሆን ነው የሚያምረው» አላትና፣ ጉሙ ጢሙ ላይ ያጠራቀመውን ውሃ በመዳፉ ጠረገ።